«እርግጠኛ ነዎት?»

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። (እማዬ እየተናገረች የምጽፈው እኔ ታናሽሽ ነኝ፤ በቅንፍ ያለውን እሷ አታውቅም።) እኛ ደህና ነን። (ውሸቷን ነው።) ሆስፒታሉ መዝገብ ቤታችን ኮምፒውተር አስገባ። ሳምንቱን ሙሉ የታካሚ ስም ስጽፍ ሰነበትኩ፤ አንዱም አልተገኘም። አለቃዬ «እስከ ሰኞ ካልለመዱት ዕቃ ቤት ይዛወራሉ» አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ካገለገልኩ በኋላ!

(ጉዱን ስሚ፤ ኮምፒውተሩ ስሙን ከማስቀመጡ በፊት «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷ ሁልጊዜ «አይ» የሚለውን ትጫናለች። «ምነው እማ?» ብላት፣ «ከፈጣሪ በቀር እርግጠኛ ማን አለ፣ አንቺ ቀበጥ!» አለችኝ። ስቄ ሳልጨርስ እንባዋ መጣ።)

ይቺ እህትሽ ኮምፒውተሩ ሲጠይቀኝ «አዎ በዪው» ትለኛለች፤ የሷን ቀልድ ማን ያምናል? አንቺ ከሰኞ በፊት ደውለሽ ከነገርሽኝ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እጫነዋለሁ። እግርሽን እንቅፋት አይንካው፣ ልጄ።

(እባክሽ ደውዪላት። ከትናንት ወዲህ እኔም አልሳቅሁባትም።)