የካሴቱ ትርፍ

ኅዳር 3
ኢክራ ቃሏን ጠበቀች። ዱባይ ተራ ሱቋ ስደርስ የአባቷን የድሮ ካሴቶች በካርቶን አስራ አስቀምጣልኝ ነበር። «ፕሮፌሰር፣ ቤት አጣበበብን፤ ይውሰዱልን» አለች። ሠላሳ አንድ ካሴት፣ ሁሉም የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ። አባቷ ጋሼ ሙራድ መርካቶ፣ ሰባተኛ ላይ ካሴት ይቀዱ ነበር፤ ሰፈራችንን ካንትሪ ያስለመዱት እሳቸው ናቸው። ስለ ሰፈራችን ሙዚቃ ለምጽፈው መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል?

ጥር ላይ ጡረታ እወጣለሁ። ሙዚቃ መድረስ ካቆምኩ ሃያ ዓመት… እስቲ የሌላ ሰው ሙዚቃ ታሪክ እንኳ ልጨርስ።

ኅዳር 9
አሥራ አራተኛው ካሴት። ሳይድ ቢ መጨረሻ ላይ አንድ ጊታር ብቻውን። ከኋላው ከምት ውጪ የሚገባ ደረቅ ከበሮ… እንዴት ያለ ከበሮ ነው! ወዲያው ስለ እሱ ሁለት ገጽ ጻፍኩ።

ከዚያ ደግሜ ሰማሁት።

«የሰባተኛ ጠዋት» ነው። የተመረቅኩበት ድርሰቴ። ስሜን ያስጠራው፣ ተማሪዎቼ ጥር 17 ሊሸኙኝ የሚለማመዱት። ትንሽ ፈጠን ብሏል እንጂ ኖታ በኖታ እሱው። ካሴቱ ላይ ያለው ዓመት ደግሞ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ነው።

ኅዳር 10
ምግብ አልወርድ አለኝ። በልጅነቴ ከጋሼ ሙራድ ሱቅ በር አልጠፋም ነበር። ሰምቼ፣ ረስቼ፣ ከዚያ የኔ ብዬ ጻፍኩት? ሳያውቅ የሰረቀስ ሌባ ይባላል?

ኅዳር 14
የቀድሞ ተማሪዬ እድላዊት ናት የሽኝቱን ዝግጅት የምትመራው። ደወልኩላት። ያን ድርሰት አውጪው አልኳት።

«ፕሮፍ፣ እየቀለዱ ነው?»

«አይደለም።»

«ፖስተሩ ላይ እኮ ወጥቷል!»

ምክንያቱን መንገር አፍሬ ዘጋሁት። ስንቱን ተማሪ «ከየት አመጣኸው?» እያልኩ ውጤት ቀንሻለሁ… መጽሐፉ ላይ እውነቱን እጽፋለሁ። ግን የማን ነው ብዬ? ከየትኛው ሸክላ እንደቀዱት ጋሼ ሙራድን መጠየቅ አለብኝ።

ኅዳር 18
ፈርቼ አልሄድኩም።

ኅዳር 22
ሄድኩ። ቤታቸው አገኘኋቸው። ጋሼ ሙራድ ሰማንያ ሁለት ሞልቷቸዋል፤ ጆሯቸው ግን ከኔ ይሻላል። ካሴቱን ከፈትኩላቸው። ወዲያው ይስቁ ጀመር።

«ማን ነው የሚጫወተው ጋሼ?»

«ወላሂ፣ አንተ ነህ እንጂ!»

ካሴቱን አቁሜ ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«ዘፈኑ አልቆ ካሴቱ ሲተርፍ ደንበኛ ይጮህብኝ ነበር፣ ባዶ ሸጥክልኝ እያለ። ስለዚህ ትርፏን ባገኘሁት እሞላታለሁ። ያን ቀን አንተ ካሴትህ እስኪቀዳ ግድግዳ ላይ የሰቀልኳትን ጊታር አውርደህ ትነካካለህ። ማይኩን ከፈትኩና ለቀም አደረግኩህ!»

«ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርህ ጣትህ ይተሳሰር ነበር። ስንቱ ደንበኛ አሜሪካዊ ነው ብሎ ሰማህ መሰለህ! ያቺ መቅጃ ማሽኔ ደግሞ ትቸኩል ነበር።»

«ከበሮውስ?»

«የምን ከበሮ? ከሱቄ አጠገብ፣ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ ነው። በሩ ክፍት ነበር።»

ሁለት ገጽ! ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ አሜሪካ ከበሮ…

ማመን እንደፈራሁ አይተው ኢክራን ላኳት። የሌሎቹ ቅጂዎች ሁሉ መነሻ የሆነውን ዋናውን ካሴት ከቁምሳጥን አመጣች። ጊታሩ ከቆመ በኋላ፣ እኔ ጋ ባለው ቅጂ ላይ የሌለ የጎረምሳ ድምፅ ይሰማል፦ «ጋሼ ሙራድ፣ የኔ አልደረሰም?»

የራሴ ድምፅ። አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። «በል ተው» እያሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያኔ ሱቅ ውስጥ የነካካሁትን ጣቴ እስከ ምረቃዬ ይዞት ቆይቷል ማለት ነው። ስወጣ ሰባተኛ፣ በዚያ ሁሉ ግፊያ፣ ሰፍቶ ታየኝ።

ኅዳር 23
ለእድላዊት ደወልኩ። መልሺው አልኳት።

«እኔ መቼ አወጣሁት ፕሮፍ?»

ተገላገልኩ። ምሳ ሁለቴ በላሁ።

ጥር 18
ትናንት ተማሪዎቼ ድርሰቱን ተጫወቱት። አምሮባቸዋል። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ጋሼ ሙራድ ጭብጨባው ሳያባራ ጠጋ አሉኝ፦ «ቀጥቃጮቹን የት ጣልካቸው?»

እውነታቸውን ነው።

ዛሬ ጠዋት የኖታ ደብተሬን ይዤ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። አንዱ መዶሻውን አቆመና «ምን ልስራልዎት ጋሼ?» አለኝ።

«ምንም። ዝም ብለህ ቀጥቅጥ።»

በርሜል ላይ ተቀምጬ ዘጠኝ ባር ኖታ ጻፍኩ። ከሃያ ዓመት በኋላ… ከየት አመጣኸው የሚለኝ ካለ፣ ይምጣና ላሳየው።