ያለሰለስኳቸው ቃላት

ጥር 6
ዛሬም ያው ስብሰባ። ያው የወንዙ ደንብ። ደንቡን የጻፍነው እኛ ነን፣ ያኔ ማዶዎቹ ከእኛ ስንዴ የሚጠብቁ ድሆች ነበሩ። አሁን ዳር ዳሩን ፋብሪካ ተክለውበታል፣ ወንዙ ላይ የሚታየው መርከብ ሁሉ የእነሱ ነው። "ደንቡን እንደገና አብረን እንጻፈው" ይላሉ። የእኛ ሚኒስትር ግን ጎምቱ ሰው ናቸው፣ ያ የስንዴው ዘመን ከዓይናቸው አልጠፋም።

የማዶውን ሽማግሌ መልእክተኛ "አንተ" ይሏቸዋል። እኔ በእነሱ ቋንቋ "እርስዎ" አድርጌ አሳልፈዋለሁ። ሽማግሌው ተቆጥተው "አንተ" ብለው ሲመልሱም እንዲሁ። አስተርጓሚ ነኝ ወይስ አስታራቂ? ብቻ ተጨባብጠው ይለያያሉ... ምን ከፋ?

ከሰዓት ልጄ ደወለች። እዚያ ማዶ ነው ያገባችው፣ መጋቢት ላይ ትወልዳለች። ድልድዩ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሰምታ ፈርታለች። እኔ እያለሁ ማን ይዘጋዋል አልኳት። ሳቀች። ለአራስ ጥየቃ ሳይሆን እሷን ለማረስ ነው የምሄደው፣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

ጥር 21
ሽማግሌው ጡረታ ወጡ። በምትካቸው አንድ ወጣት መጣ። ትሑት ነው፣ ትንሽ ነው የሚናገረው። ሚኒስትሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ብላቴና ላኩብን፣ ንቀውናል አሉኝ። እሱ ወረቀቱን እያየ ነበር። የሰማ አልመሰለኝም።

የካቲት 4
እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ወጣቱ እስካሁን የእኛ ብቻ የነበረው የወንዙ ጉባኤ ሊቀመንበርነት በየተራ ይሁን ብሎ ጠየቀ። ሚኒስትሩ ወንበራቸው ላይ ለጠጥ ብለው፦

"ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል።"

እኔም እንደ ልማዴ "ዘመኑ የእናንተ በመሆኑ ደስ ብሎናል" ብዬ ተረጎምኩ። ወጣቱ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በእኛው ቋንቋ፣ ጥርት አድርጎ፦

"እንዲያ አላለም እኮ፣ እህቴ። ቅል ነው ያለን።" ወደ ሚኒስትሩ ዞረ። "ድንጋዩ አንተ ከሆንክ፣ ቅሉ እኔ ልሁንልህ።"

ለካ እዚሁ እኛ ከተማ ነው የተማረው። ማንም አልጠየቀውም። እኔም አልጠየቅሁትም።

የሚኒስትሩ ፊት ደም መሰለ። ከማዶ ሰው "አንተ" ተብለው አያውቁማ። አይ... ተብለዋል፣ ስንቴ ተብለዋል። ያላሰማኋቸው እኔ ነኝ። ተነስተው ወጡ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

የካቲት 5
ሚኒስትሩ አስጠሩኝ። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር፣ አልጮኹም። ቁጭ በይ አሉኝ።

"ድሮም እንዲህ ነበር የሚያናግሩን?"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ፋብሪካዎቹ ከተተከሉ ወዲህ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"እኔ እኮ አሁንም የሚፈሩን ይመስለኝ ነበር" አሉ።

አንጀቴን በሉት። ተለሳልሶ የደረሳቸውን እየሰሙ ነው እኮ እንዲህ የቀሩት። ማዶዎቹም ቢሆኑ ቃላችን ለስላሳ፣ እጃችን ግን የማይሰጥ ሆኖባቸው፣ የምንደልላቸው መስሏቸው ኖረዋል። ቁስሉን በንጹሕ ሻሽ ሸፍኜ ዳነ ስል ከረምኩ። በጊዜው ቢሰዳደቡ ምናልባት ይላመዱ ነበር። ወይስ ያኔውኑ ይጣሉ ነበር? እንጃ። እኔ ግን ጸጽቶኛል።

ወጣቱን ይቅርታ ይጠይቁት እንደሆን ደፍሬ አነሳሁ። ቅልን ይቅርታ? አሉ። እሱም ይቅርታ እንደማይጠይቅ አስታውቋል።

የካቲት 18
ድልድዩ ተዘጋ። እኛ የዘጉት እነሱ ናቸው እንላለን፣ እነሱ እናንተ ናችሁ ይላሉ። የእኔ ፈቃድ ሳይፈረም ተመለሰ።

መጋቢት 11
ወለደች። ሴት ናት። በሰላም ተገላገለች፣ ተመስገን። ደወለችልኝ፤ ባሏ ወጥ እየሠራ ነው አለች፣ እጁ ለድስት አልተፈጠረም ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

"እማ፣ መቼ ነው የምትመጪው?"

"በቅርቡ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ድርድሩ እንደቆመ፣ ማንም ቀድሞ ሊደውል እንደማይፈልግ አውቃለሁ። ከእንግዲህ የሰውን ነገር አላለሰልስም ብዬ ከራሴ ጋር ተማምያለሁ።

"አላውቅም፣ ልጄ። ዘንድሮ የሚከፈት አይመስለኝም።"

ሕፃኗ ስትነጫነጭ ይሰማኛል።

"ለዛሬ እንኳን ብትዋሺኝ ምን ነበረበት?" አለችኝ።