ረግቶ ስለ ተጣለው የልጄ ደም፦ ለሕፃናት ሆስፒታሉ ዋና ዳይሬክተር

ለተከበሩ ዋና ዳይሬክተር
በሚገኙበት

ክቡርነትዎ፣

የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ክንድዎ፣ አንጓዎና ጣቶችዎ አጥንታቸው ሳይነካ በየቦታቸው እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ይህ ጸጋ ለሁሉም እንደማይታደል በእርስዎ ሆስፒታል ውስጥ ተምሬያለሁና።

ራሴን ላስተዋውቅ። በከተማችን ቄራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩ አራጅ ነኝ። ደምን እንደ እርስዎ በማይክሮስኮፕ አላየሁትም፤ ቦቲ ተጫምቼ ስረግጠው ስለ ኖርኩ ግን በጉዳዩ ላይ ሁለት ቃል ብናገር ድፍረት እንዳይሆንብኝ እለምናለሁ።

የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ቃል አትናገርም። ደስ ሲላት አፏን ገጥማ ስለምታንጎራጉር እቤት ንቢት እንላታለን። ሳታስበው የነካት ሰው እጅ እንደ እሳት ያቃጥላታል፤ ቀስ ብሎ ለጠየቃት ግን እጇን ራሷ አምጥታ ትሰጣለች። ይህን እስክናውቅ እኔና እናቷ አራት ዓመት ፈጅቶብናል። የምትማርበት የልዩ ድጋፍ ክፍል በየዓመቱ የሆስፒታል ማረጋገጫ ይጠይቃል። ማረጋገጫውን ቀድሞ የሚጽፉት መሬት ላይ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው አኳኋናቸውን ለብዙ ቀን የሚያዩ አንዲት አረጋዊት ሐኪም ነበሩ። ክቡርነትዎ ሐኪሟን በጡረታ ሸኝተው በክፍላቸው በር ላይ «ኦቲዝምን በደም ጠቋሚዎች የመለየት ጥናት» የሚል ማስታወቂያ አስለጠፉ። ደም የሰጠች ልጅ በሳምንቱ ማረጋገጫዋን ታገኛለች ተባልን። እኛም ፈረምን።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ልጄን ስለ ተቀበላችሁበት አቀባበል አመሰግናለሁ። ሰኞ ጠዋት ነበር። ነርሷን «ሲስተር፣ እባክሽ ጭኔ ላይ ላስቀምጣት። መርፌውን አስቀድመሽ አሳያት፤ እጇን ራሷ ትሰጥሻለች» ብዬ ለመንኳት። «አባት፣ ሠላሳ ሁለት ልጅ ተሰልፏል። ከእያንዳንዱ ጋር ስንለማመጥ አንውልም። ውጭ ይጠብቁ» አለችኝና በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። በሩ መስታወት ስለ ነበረው ሁሉንም አየሁ። ነርሷ፣ ሁለት ተላላኪዎችና የበሩ ዘበኛ ሆነው አልጋው ላይ ጣሏት። ፊቷን በአንሶላ ሸፈኑት። ዘበኛው ጉልበቱን ጭኗ ላይ ጫነ። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ አንዴ ወጋቻት፣ ሳተች፤ ደግማ ወጋቻት፣ ሳተች፤ በአምስተኛው ጥቂት ደም ብልቃጡ ውስጥ ተንጠባጠበ። ልጄ ከአንሶላው ስር አፏ የደረሰበትን ነከሰች፤ የደረሰበትም የዘበኛው እጅ ነበር። እሱም በአንሶላው ላይ በጥፊ መታትና የግራ እጇን አንጓ ጠምዝዞ ወደ ኋላ አጠፈው።

ክቡርነትዎ፣ አጥንት ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ ለእኔ የሚያስተምረኝ የለም። መስታወቱን በክርኔ ሰብሬ፣ እጄን አስገብቼ፣ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ዘበኛውን በአንገቱ ይዤ ከልጄ ላይ አነሳሁትና ግንባሬን አፍንጫው ላይ አሳረፍኩት። ወለሉ ላይ የእሱም የእኔም የልጄም ደም ተቀላቀለ፤ ለጥናታችሁ የሚሆን በቂ ናሙና ከዚያ ማፈስ ይቻል ነበር። ስለ አፍንጫው ሁለት ቀን ታስሬያለሁ። ስለ አንጓዋ ግን እስካሁን የታሰረ ሰው የለም።

በእኛ ቄራ የእንስሳት ሐኪሙ የደነገጠ ከብት ሲያይ ሥራውን ያስቆማል፤ ሲፈራና ሲታገል የቆየ ከብት ሥጋው ይጠቁራልና። ለአንድ ወይፈን የሚደረገው ይህ ክብር ለሰባት ዓመት ልጅ ቢነፈግ ምን ይደረግ፤ ከብቱን የምናከብረው የእኛ መሥሪያ ቤት ኋላ ቀር ስለሆነ ነው።

፪. የካርዳችሁን አጻጻፍ ሳላደንቅ አላልፍም። «ሕፃኗ ከአልጋ ላይ ወድቃ የግራ አንጓዋ ተሰብሯል» ይላል። አራት ሰው የተጫናት ልጅ ወዴት እንደ ወደቀች ግን አልተገለጸም።

፫. ስለ ውጤቱ ፍጥነት አመሰግናለሁ። ልጄ እጇ በጄሶ ታስሮ ሳለ የእርስዎ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ደረሰን። «የደም ጠቋሚዎቹ ከወሰን በታች ስለሆኑ ኦቲዝም የለባትም» ይላል። ቅጂው ለትምህርት ቤቱ ተልኮ ስለ ነበር ርእሰ መምህሩ በማግስቱ ልጄን ከክፍሏ አስወጡ። እናቷ የፈረምንበትን ቅጽ አውጥታ አሳየቻቸው፤ በሦስተኛው ገጽ ግርጌ፣ በጉንዳን ፊደል፣ «ይህ ጥናት ገና በሙከራ ላይ ያለ ስለሆነ ለማንኛውም የሕክምና ውሳኔ አይውልም» የሚል አለ። ርእሰ መምህሩ «እኔ ከዳይሬክተሩ ማኅተም በላይ ምን አውቃለሁ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ከዚያ በፊት ማኅተም ይዋሻል ብዬ አላስብም ነበር።

በዚያ ወር ንቢት ማንጎራጎር አቆመች። ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ባየች ቁጥር ግንባሯን ከግድግዳ ጋር ታላትመው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ባለቤቴ መዳፏን በግድግዳውና በልጇ ግንባር መሃል እየከተተች የእጇ ቆዳ ከመተርተሩ የተነሳ መርፌ መያዝ አቅቷት ነበር።

፬. በቅጥርዎ ውስጥ አንድ ሰው ስላስቀሩልን ደግሞ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምጸት አይደለም። ከሁለት ወር በኋላ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ቄራው በር ላይ መጥታ አስጠራችኝ። ሽርጤን ሳልፈታ ወጣሁ። ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም።

«የልጅዎ ደም ብልቃጡ ውስጥ ረግቶ ነበር» አለችኝ። «እኔው ነኝ የጣልኩት።»

«ታዲያ ይሄ ውጤት የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። የዚያ ቀኑ ሠላሳ ሁለት መሙላት አለበት ተብዬ የሌሎቹን አማካይ ወስጄ ጻፍኩ።»

«አሁን ለምን ነገርሽኝ?»

«ያን ድምፅ እኔም ሰምቻለሁ፣ ጋሼ። ካልነገርኩ አይለቀኝም።»

ያለችውን ሁሉ በእጇ ጽፋ፣ ፈርማ ሰጠችኝ። ከሥራ እንዳባረራችኋትም ሰምቻለሁ፤ ሐቀኛ ሰው በመካከላችሁ ብዙ እንዳይቆይ ስለምታደርጉት ጥንቃቄ አድናቆቴ ይድረስዎ።

፭. በመጨረሻ ስብሰባዎ ስለ ረዘመ አመሰግናለሁ። ይህን ስለማያውቁት ላስረዳዎ። ባለሙያዋ እንደ ሄደች ወደ ውስጥ ተመልሼ ቢላዬን ወሰድኩ። ዓይኔ ደም ለብሶ ነበር። ካፖርቴ ስር ይዤው ወደ ቢሮዎ መጣሁና ከጸሐፊዎ ፊት ተቀመጥኩ። «ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ትንሽ ይታገሡ» አለችኝ። ታገሥኩ። በሩ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ለካሁ። የትኛው እጅዎ እንደሚፈርም አሰብኩ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እጄ ፈጽሞ አለመንቀጥቀጡ ነበር።

በዚህ መሃል አንዲት እናት የአራት ዓመት ያህል ልጇን አዝላ ወደ ጥናቱ ደም መቅጃ ክፍል ስታልፍ አየኋት። ልጅቷ ሁለት ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ይዛለች። ቢላው ጎኔን ሲቆረቁረኝ ነው ነፍሴ የተመለሰችው፤ እኔ እርስዎን ብጠብቅ ይህቺን ልጅ የሚጠብቃት የለም። ተነስቼ እናቲቱን በኮሪደሩ ላይ አቆምኳትና ያየሁትንና የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። የልጇን ማዘያ አጠበቀች። «እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ» ብላኝ ተመልሳ ወጣች። እኔም ተከትያት ወጣሁ። ስብሰባዎ በስንት ሰዓት እንዳለቀ አላውቅም፤ አጀንዳውን ያራዘመው ማንም ይሁን ማን፣ የሁለታችንንም ቤተሰብ አትርፏልና ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

በጡረታ የሸኟቸው ሐኪም ጉዳያችንን ሰምተው እቤታችን መጡ። ሦስት ጠዋት ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ በሦስተኛው ቀን ልጄ ራሷ መጥታ ጄሶ የወጣለት እጇን መዳፋቸው ላይ አኖረችው። እናቷ ወጥታ ጓሮ አለቀሰች። ሐኪሟ የጻፉት ማረጋገጫ ከባለሙያዋ ጽሑፍ ጋር ተያይዞ ለርእሰ መምህሩ ቀርቦ ወደ ክፍሏ መልሷታል። ጥናቱን ራሱን እንደማይጠሉት ነግረውኛል፤ «ከደም የሚገኝ ፍንጭ አንድ ቀን ልጆቹን በጊዜ ለማገዝ ይረዳ ይሆናል። ለዛሬው ግን ልጅቷን ማየት ነው» አሉኝ። እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ ይህ ግን ገባኝ።

ክቡርነትዎ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ይህን ሁሉ ቁጭ ብለው ለመመለስ የሚበቃ ረጅም ዕድሜ። ከመቀመጫዬ ተነስቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ እጅ በመንሳት እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
በጥናት መዝገብዎ ተራ ቁጥር ፲፯ ላይ ደሟ በፈጠራ የተጻፈላት ልጅ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የባለሙያዋን ጽሑፍ ለሐኪሞች ሥነ ምግባር ቦርድ አስገብቻለሁ። ቅጂውን ላገኘኋቸው ወላጆች ሁሉ ሰጥቻለሁ። ሃያ ስድስት ቤተሰብ ሆነናል፤ እኔ ቤት ወንበር ስላነሰን የማክሰኞውን ስብሰባችንን እርስዎ በዚያው ዕለት ጥናቱን በሚያስመርቁበት አዳራሽ፣ ከፊተኛው ረድፍ ጀምረን ለመቀመጥ ወስነናል። ልጆቻችንንም ይዘን እንመጣለን። ጭብጨባ ስለሚያስደነግጣቸው ንግግርዎን ሲጨርሱ የሚያጨበጭብ ሰው እንዳይኖር በትሕትና እናሳስባለን።