ሱኒቫ ከደቦ ቀረች

ኦድቫር፣ አንተ እንቅልፋም!

አዲሱ ፕሪንተር የዋይፋይ ፓስወርድ ጠየቀኝ። አንተ እንደሆንክ «ረሳሁት» ብለህ ተገላገልክ። የድመትህን ስም ብል፣ የኳስ ቡድንህን ብል፣ ወይ ፍንክች! ወንድምህ ጋ ደወልኩ። ሳቁን እያፈነ ነገረኝ፦ «ሱኒቫከደቦቀረች»።

ለካ አንተ ፓስወርዱን የሰጠኸው እንግዳ ሁሉ ስልኩን ከፍቶ ፊቴን እያየ የሚስቀው ለዚህ ኖሯል!

እሺ፣ አምና በግቢው ጽዳት ደቦ ቀን ወደ ተራራው የዕረፍት ጎጆ ጠፍቻለሁ። የኔን ድርሻ ቅጠል የጠረግከው አንተ ነህ። አልካድኩም።

በዛሬው ደቦ ግን የቅጠል መሰብሰቢያ ሬክ ይዤ ወደ ግቢው ወርጃለሁ። አንተ ታንኮራፋለህ።

ፕሪንተሩ ሠርቷል፤ ይኸው ይህን ያተምኩት በሱ ነው። ፓስወርዱንም ቀይሬዋለሁ፦ «ኦድቫርከደቦቀረ»።

ለደቦተኛው የተጋገረው ዋፍል ሳያልቅ ከወረድክ እንደገና እቀይረዋለሁ። ካልወረድክ ግን፣ እናትህ ነገ ሲመጡ ፓስወርድ መጠየቃቸው አይቀርም።

ሱኒቫ