ላልሞተ ሰው የተተከለ፣ ለአልበም የተከለከለ ድንኳን

ለክቡር አቶ አረጋዊ
የ«አብሮነት» መረዳጃ እድር ሊቀመንበር፣ እንዲሁም የድንኳኑና የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ብቸኛ ጠባቂ
ገርጂ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ ቀለል ብሎልዎ ደረጃውን ያለ ደጋፊ እየወጡ መሆኑን ሰምቼ ከልብ ተደስቻለሁ። እኔ፣ በሚያዝያ ወር መርዶዬን በጥሩምባ ያስነገሩልኝ የስፖንጅ ፍራሽ ነጋዴው አብዱልገኒ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምገልጸው፣ የእድሩ መዝገብ እስካሁን ካልታረመ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

ደብዳቤዬን ሁሉ በሚያየው ቦታ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። የእርስዎን ማስጠንቀቂያ በሕንጻችን መግቢያ ላይ ተለጥፎ ስላገኘሁት፣ መልሱ አጠገቡ ቢሆን ብቸኝነት አይሰማውም ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ ጎረቤቶች ባጭሩ ላስረዳ። የእህቴ ልጅ ሚስኪ ትዘፍናለች፤ ኻሊድ ጊታር ይጫወታል፤ በቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ የሚሠራው ላጲሶ ደግሞ ከሥራ መልስ ድራም ይመታል። ሦስቱ «መብራት መጣ» የሚባል የሮክ ባንድ አላቸው። የሚለማመዱትም የሚቀዱትም ከሱቄ ጀርባ ባለው መጋዘን፣ በፍራሽ ክምር መካከል ነው። ስፖንጅ ድምፅ ይውጣል፤ ገዢ እስኪመጣ ድረስ ቢውጥ ደግሞ እኔ አልከስርም። ድራሙን ውጦታል፣ ጊታሩንም ውጦታል። የሚስኪን ጩኸት የሚችል ስፖንጅ ግን ገና አልተመረተም፤ ከበሩ በላይ ባለችው መስኮት ይወጣል።

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመስኮቷ ሥር ሲያልፉ የሰሙት ይህንኑ ነው። እኔ ዕቃ ላመጣ ስለሄድኩ ሱቁ ዝግ ነበር። ሱቁ ዝግ፣ ሴት ልጅ ውስጥ ትጮኻለች፤ እርስዎም ሁለቱን ደምረው እኔን ቀነሱኝ።

አሁን ወደ ምስጋናዬና ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

፩ኛ፤ ስለ ፍጥነትዎ። የግቢያችንን የውጭ መብራት ለማስጠገን ሁለት ክረምት የፈጀበት እድራችን፣ ለእኔ ለማልቀስ ከሰዓቱን እንኳ አልጨረሰም። ጥሩምባ ነፊው አቶ ኢሳ ስሜን እየጠራ ሕንጻዎቹን አዳርሶ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ እኔ ፍራሽ በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ የራሴን ለቅሶ ደረስኩ። ከመኪናው ስወርድ «ማን ሞተ?» ብዬ ጠየቅሁ። ጎረቤቴ ወይዘሮ አልማዝ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በሕይወት ካለህ እንባዬን ለምን አስጨረስከኝ?» ብለው ተቆጡኝ። እርስዎ ደግሞ ገና ያን ጊዜ የመጋዘኑን በር ከፍተው ሊያጣሩ እየገቡ ነበር። ማጣራት ከድንኳን በኋላ የሚመጣ መሆኑን የተማርኩት ከእርስዎ ነው። የዕለት ውሎዬን የመጻፍ ልማድ ስላለኝ፣ መሞቴንም ከፍራሹ መራገፍ ቀጥሎ በአጭሩ አስፍሬዋለሁ።

፪ኛ፤ ስለ ማስጠንቀቂያው። «እድሩን በሐሰት ለቅሶ አነሳስተሃል» ብለው ጽፈዋል። ጥፋቴን አልክድም፤ በሥነ ሥርዓት ተለፍፎልኝ ሳልሞት ቀርቻለሁ። ነገር ግን እርስዎ ተቀይመው ጃንጥላዎን ዘርግተው ከሄዱ በኋላ የሆነውን ስላላዩ ልንገርዎ። ዝናቡ ለቀስተኛውን ድንኳኑ ውስጥ አገተው። ይህ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ብለው ልጆቹ መሣሪያቸውን አወጡ። ሊያለቅሱ የመጡ ሽማግሌዎች በእግራቸው መሬቱን ሲመቱ አይቻለሁ፤ ወይዘሮ አልማዝም «ያቺን የምትጮኺባትን እስቲ መልሻት» እያሉ ሚስኪን ጉሮሮዋ እስኪዘጋ አስደገሟት። በመካከሉ ኻሊድ፣ አልበም ሊያሳትሙ የሄዱበት አንድ ሙዚቃ አሳታሚ «ጥሩ ነው፤ ብቻ ጊታሩን ቀንሳችሁ እስክስታ የሚያስመታ ነገር ጨምሩበት» ብሎ ባንዱን እንደመለሰ ለቀስተኛውን አጫወተው። የእድር ሰው ችግር ሲሰማ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ማዋጣት። ወደ የካ አባዶ የተዛወሩት የድሮ ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ በስልካቸው ላኩ። እነሆ አልበሙ ያለ አሳታሚ፣ በአድማጮቹ መዋጮ ተጠናቋል፤ የአዋጪዎቹም ስም ሽፋኑ ላይ ታትሟል። ሌላው ባንድ አድማጭ ለማግኘት ዓመታት ይለፋል፤ እርስዎ በአንድ ጥሩምባ ሰብስበው ስለሰጡን አላህ ይስጥልን።

፫ኛ፤ ዋናው ይህ ነው። በመጪው እሑድ አልበሙ በግቢያችን ሜዳ ይመረቃል። ለአዋጪዎቹ «መጀመሪያ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ፣ የምትሰሙትም እዚሁ ነው» የሚል ቃል ተገብቷል፤ ላጲሶም ከፋብሪካው ለምኖ ያገኛት እሑድ ይህችው ብቻ ናት። የሆቴል አዳራሽ አቅማችን አይደለም፤ ሐምሌ ደግሞ ሐምሌ ነው። ድንኳኑን ስንጠይቅ «በደንቡ መሠረት ለኀዘንና ለሠርግ ካልሆነ አይወጣም» አሉን። ደንብ አክባሪነትዎን ስለማደንቅ፣ ደንቡን ሳልነካ ሁለት መንገድ ፈልጌያለሁ። አንደኛው ሚስኪና ኻሊድ እሑድ ዕለት እንዲጋቡ ነው፤ ሚስኪን ጠይቄያት የሰጠችኝን መልስ በጨዋ ደብዳቤ ላይ ማስፈር አይቻልም። ሁለተኛው፣ ልጆቹ የኤሌክትሪክ ጊታራቸውን ሰክተው ዝናብ ውስጥ እንዲጫወቱ ነው፤ ያን ጊዜ ድንኳኑ ደንቡን ጠብቆ ይመጣል። ቀደም ብሎ ቢመጣ ግን ለሁላችንም የሚቀል አይመስልዎትም?

ያንን ድንኳን ያሠሩት ሰዎችና ይህን አልበም ያሳተሙት ሰዎች እነዚያው ናቸው። ለቅሷቸውን እንደሚያስጠልሉላቸው ሁሉ፣ አንድ ቀን ደስታቸውንም ያስጠልሉላቸው። ይህን ስል አልቀለድኩም።

ለደንብ፣ ለቁልፍና ለጥሩምባ ያለዎትን ጽኑ ፍቅር ከልብ የሚያከብር፣ ቢያንስ እስከ እሑድ በሕይወት ለመቆየት ቃል የሚገባ፣ የእድርዎ ታማኝ አባል፣

የቀድሞው ሟች
አብዱልገኒ

ማሳሰቢያ፦ በዚያ ቅዳሜ ወደ መጋዘኑ ገብተው «ጸጥ በሉ! ሬሳው የት አለ?» ሲሉ መቅጃው ክፍት ነበር። ሚስኪ የዚያን ቀኑን ጩኸት ዳግመኛ ልታመጣው ስላልቻለች፣ ልጆቹ እንዳለ ተዉት፤ እርስዎም የመጨረሻው ዘፈን መዝጊያ ሆነዋል። መቼም በዚያች መስኮት የማይወጣ የለም፤ የሰፈሩ ልጆች «ሬሳው የት አለ?» እያሉ ደረጃው ላይ የሚሯሯጡት ለምን እንደሆነ ግራ ገብቶዎት ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። ስምዎ በሽፋኑ ላይ ከአዋጪዎቹ ጋር ሳይሆን ከድምፃውያኑ ተርታ ሰፍሯል። እሑድ ድንኳኑን ይዘው ከመጡ ማይኩን እናቀብልዎታለን። ካልመጡም አይጨነቁ፤ ሰፈሩ በሙሉ ስለሸመደዳት በአንድ ድምፅ ይልልዎታል። ሜዳው እንደሚያውቁት ከመኝታ ቤትዎ መስኮት ሥር ነው።