አባትህ መድኃኒቱን የተቀበሉበት ቀን

ኪዳኔ፣

አንተ ከሄድክ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የዕለት ማስታወሻዬን ልጽፍ ተቀምጬ ነበር፤ የገበያውን ወሬ ለነገ አቆይቼ ለአንተ ልጻፍ አልኩ። የምነግርህ መልካም ነገር ስላለኝ ነው። ለማልቀስ ቢሆን ኖሮ ወረቀት አላባክንም ነበር፤ ታውቀኛለህ።

ዕድሜህን ሙሉ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ስታጠናና ስታስተምር ኖርክ። አንተ ግን አንድ ቀን እንኳ "አመመኝ" ሳትል፣ ከማስተማሪያ ክፍልህ ወጥተህ ደረጃው ላይ ልብህ ቀጥ አለች። ለቀብርህ እዚህ ሰቆጣ ድረስ የመጡት ተማሪዎችህ "መምህራችን እንኳን አልተሠቃዩ" አሉኝ። እኔም በዚያው ተጽናናሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ሱቁን በመንገዱ በኩል አስፋሁት። ከደሃና ነጭ ማር፣ ከአበርገሌ ፍየል የሚያመጡልኝ ደንበኞቼ ዛሬም ከእኔው ጋር ናቸው። ክረምት ስትመጣ ቁጭ ብለህ የምታነብባት ጓዳ ግን አሁን የአባትህ መኝታ ሆናለች።

ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ እንደማይድን ሳይሸሽግ ነገረን። አባትህ እንኳ አልደነገጡም፤ "ዕድሜ ጠግቤአለሁ" አሉ። ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነው። ድጓ የሚማሩ ሦስት ዲያቆናት አሏቸው፤ ዜማውን እስከ መጨረሻው ሳያወርሷቸው እንዳይሞቱ ፈሩ። ሕመሙ ደግሞ ድምፃቸውን ነጠቃቸው። ዜማውን ይጀምሩና መሐል ላይ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። ሲብስባቸው ግዕዙም አማርኛውም ይጠፋና በኽምጣኛ እናታቸውን ይጠራሉ። ከሌላ አገር የመጡት ዲያቆናት ቋንቋውን አይሰሙም፤ አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ።

ብርቱካንን ታስታውሳታለህ? ጥያቄ አታበዛም፣ የጠየቀች ቀን ግን ታስጨንቀኛለች የምትላት ተማሪህ። አሁን እዚሁ ሰቆጣ የመድኃኒት ባለሙያ ናት። ሐኪሙ ሞርፊን ሲያዝላቸው ኪኒኑን ይዛ ቤት ድረስ መጣች። "አባባ፣ ሕመሙ እስኪመጣ አይጠብቁ። ከገባ በኋላ ማስወጣቱ ይከብዳል። ሰዓቱ ሲደርስ፣ ባያምዎትም ይውሰዱ" አለቻቸው። እጇን እንኳ እንደ አንተ ነው የምታወናጭፈው።

አባትህ እሺ አሉ። እኔም በየሰዓቱ ከውኃ ጋር አቀርብላቸዋለሁ፤ ሕመሙ ግን ንቅንቅ አላለም። አንድ ቀን ኩታቸውን ላጥብ ሳነሣው ጫፉ ተቋጥሯል። ብፈታው ኪኒኑ ሁሉ እዚያ ተከማችቷል።

"ይህ ምንድን ነው አባባ?"

"ለክፉ ቀን ነው።"

"ዛሬ ታዲያ ደግ ቀን ነው?"

"ከዚህ የባሰ ይመጣል ልጄ። ዋግ ተወልዶ ያለውን አሟጦ የሚበላ ሰው አይተሻል?"

ሳቄ መጣ። እኔም እኮ ርካሽ ሲሆን ገዝቼ፣ አስቀምጬ የምኖር ሰው ነኝ። "የሚቀመጥስ እህል ነው። ይሄኛው ሲቀመጥ ነው ክፉ ቀን የሚያመጣው" አልኳቸው።

ያን ጊዜ የልባቸውን አወጡት። ጌታችንን ሊሰቅሉት ሲሉ ሐሞት የተቀላቀለበት ወይን ቢሰጡት ቀምሶ ሊጠጣው አልወደደም። "እሱ ያልጠጣውን የምጠጣ እኔ ማን ነኝ?" አሉኝ።

ይህን ክርክር አንተም ታውቀዋለህ። አይጧን ሞቅ ያለ ብረት ላይ አድርገህ፣ እግሯን ለመላስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅባት እያየህ መድኃኒቱ ማስታገሱን እንደምትለካ የነገርካቸው ክረምት ነበር። "ዳዊት አስደግሜ ያሳደግሁት ልጄ የአይጥ እግር ሲጠብቅ ይውላል!" ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። ሳቁ ሲያበቃ ይህንኑ ሐሞት አነሡብህ፤ አንተም "አንቺ መልሽላቸው" ብለህ ወደ እኔ ዞርክ።

እኔ ያንተንም የእሳቸውንም ትምህርት አልተማርኩም። ሰው በእርግጥ የሚፈልገው ምን እንደሆነ ማወቅ ግን እንጀራዬ ነው። አባትህ ከሕመም ማምለጥ አይደለም የሚፈልጉት፤ ዲያቆናቱን ማስጨረስ ነው። ስለዚህ ስለ ሕመም አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

"አባባ፣ ጌታ ከዚያ በኋላ መስቀሉ ላይ ምን አለ?"

"ተፈጸመ አለ።"

"የእርስዎስ ሥራ ተፈጽሟል?"

"ሦስቱም ገና አልጨረሱም።"

"እሱ ሐሞቱን ሳይጠጣ ሥራውን ፈጸመ። እርስዎ ጠጥተው ይፈጽሙ። አለዚያ እነዚህ ልጆች ግማሽ ዜማ ይዘው አገራቸው ሲገቡ፣ የእርስዎን ሕመም የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።"

"አንቺ ነጋዴ! የገዛ ወንጌሌን መልሰሽ ሸጥሽልኝ" አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። የንስሐ አባታቸውም ጾም ቢሆን ሰዓቱን እንዳያሳልፉ አዘዙላቸው።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ወሬውን ሰምታ "መሪጌታ በስተርጅና ሱሰኛ ሊሆኑ ነው?" እያለች መጣች። ብርቱካን፣ ሐኪም አዝዞ በልኩ እየተከታተለ ሲሰጥ እንዲያ እንደማይፈራ ልታስረዳት ስትጀምር አባትህ ቀደሟት፦ "አንቺ ጥሩ፣ እኔን የዜማ ሱስ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዞኛል፤ ያኔ ለምን አልመጣሽም?" መድኃኒቱ ሆዳቸውን እንዳያደርቃቸው ብርቱካን አስቀድማ ማለስለሻ ሰጥታቸዋለች። ስለ ሆዳቸው በጠየቀቻቸው ቁጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው የሚመልሱላት።

ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም። ሲገላበጡ ያቃስታሉ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ግን ድምፃቸው ከጓዳ እስከ መንገዱ ይሰማል፤ ማር ሊገዛ የመጣው ሰው ሚዛኑን ረስቶ ቆሞ ያዳምጣል። ትልቁ ዲያቆን በዚህ ሳምንት ጨረሰ። ሁለቱ ቀርተዋል። ይደርሱላቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ ባይደርሱም የጨረሰው የቀሩትን እንዲያስጨርስ አስምለውታል። አባትህ ወደ አንተ ሲመጡ እያቃሰቱ የሚመጡ ሽማግሌ አይደሉም፤ ከጉባኤ የተነሡ መምህር ናቸው።

ተዝካርህን በየዓመቱ እንደ ወጉ አወጣለሁ። እኔ አንተን የማስታውስህ ግን በዚያ ብቻ አይደለም። በዚህ አገር የታመመ ሰው ሁሉ "ልቻለው" ይላል። ትናንት አንዲት ጨው ሻጭ እናቷ አልጋ ላይ ሆና እንዲሁ እንደምትል ነገረችኝ። "እንዳትችለው፤ ለሐኪሙ ንገሪው፤ መድኃኒት አለው" አልኳት። ሚዛኗን ለእኔ አደራ ሰጥታ ወደ ሐኪም ቤቱ ሄደች። በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ "ልቻለው" የሚል በሰማሁ ቁጥር ይህንኑ እላለሁ፤ ያስተማረኝም አንተ እንደሆንክ እናገራለሁ።

ሚስትህ