በሳህኑ ላይ ያንተ ወገን

ይድረስ ለታከለ፣ ለልጄ አባት፤

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነኝ። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ካለህበት ሆነህ የኔን ብትሰማ ይሻላል። ፊደሌ ጠማማ ነው ብለህ እንዳትስቅ፤ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ ጠማማነቱም ካንተ የመጣ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው። የሰንበቱን ምግብ ሠርቼ ጨረስኩና ሰንበት ሳይገባ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። የምነግርህ ነገር አለኝ። ለልጃችን ለኦሪት እንኳ አልነገርኳትም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ያው ሽኩና ጊሜል ሰፈር፣ ያው ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። ማዓሊት፣ አሳንሰሩ፣ ይገባላችኋል እንዳሉን ይኸው አሁንም ደረጃውን በእግራችን ነው የምንወጣው። የወጥ ቤቱን ቧንቧ አስጠግኜዋለሁ። አንተ በላስቲክ ጠፍረህ ያሰርከውን ሠራተኛው አይቶ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ፣ ላስቲኩን ግን አልጣልኩትም፣ መሳቢያ ውስጥ አለ። ኦሪት ራሞት ሰፈር ቤት ገዝታ ገባች። ግቢ ያለው፣ ደረጃ የሌለው ቤት ነው። አንድ ክፍል ለኔ ብላ ለይታ አስቀብታለች። ቀለሙን ሳትጠይቀኝ ነው የመረጠችው፤ ያው ያንተ ልጅ አይደለች።

ክፍሉን ያስቀባችው በጉልበቴ የተነሳ ነው። ቀኝ ጉልበቴ አልቋል። ትምህርት ቤቱን ስወለውል ውዬ ስመለስ ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ እቆማለሁ። ሐኪሙ ጉልበቱ ይቀየራል፣ ግን በዚህ ክብደትሽ ቢላ አላነሳም፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ቀንሰሽ ነይ አለኝ። ኦሪትም ቁርጡን ነገረችኝ፦ እስከ ፋሲካ ካልቀነስሽ ቤቱን ለቀሽ እኔ ጋ ትገቢያለሽ፤ ኢማ፣ ዳይ፣ በቃ፣ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ወድቀሽ ነው የማገኝሽ አለች። እውነቷን ነው። ነገር ግን ከዚህ ቤት ከወጣሁ አንተን የት አገኝሃለሁ? የራሞቱ ቤት የተገዛው ከሞትክ በኋላ ነው። በሩን አታውቀውም። ጫማህን ያወለቅክበት ጥግ የለውም።

ክብደቴን ልቀንስ ቆርጬ ተነሳሁ። ከጤና ጣቢያው፣ ከኩፓት ሆሊም፣ ዲያታኒት ወደሚሏት የምግብ መካሪ ላኩኝ። ከሩስያ የመጣች ቀጭን ሴት ናት፤ ዕብራይስጧ እንደኔው የተሰባበረ ስለሆነ ቶሎ ተግባባን። ወረቀት ላይ ሳህን ሳለችልኝ። መሐሉን በመስመር ከፈለችና ይሄ ግማሽ አትክልት ነው፣ በዚያኛው በኩል ሌላው ይሆናል አለችኝ። የኔ ሳህን ድሮም ለሁለት የተከፈለ ነው ልላት አሰብኩና ተውኩት።

ያለችኝን ሁሉ አደረግኩ። ዘይት በማንኪያ ለካሁ። ሻይ ያለ ስኳር ለመድኩ፤ ለመድኩ ስልህ፣ ዋጥኩ ማለቴ ነው። ጠዋት ተማሪ ሳይገባ የትምህርት ቤቱን ግቢ እያነከስኩ ሦስት ጊዜ እዞራለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። መካሪዋ ዓይን ዓይኔን አየችኝና ምንድን ነው የምትደብቂው፣ ቸኮሌት ነው ኬክ? አለችኝ። ቤቴ ኬክ የሚባል ነገር እንደሌለ ማልኩላት። በሐሰት አልማልኩም። የደበቅኩት ያንተን ድርሻ ነው።

ያን ቀን ታስታውሰው እንደሆነ አላውቅም። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው ትልቁ ሳህን ላይ ምሳ እየበላን ነበር። ኤመቅ ሳራ ካለው መጋዘናችሁ ተደወለ፤ አንድ ሰው ቀርቷል፣ ፈረቃውን ተክተህ ግባ አሉህ። ያንተን ወገን ሳትጨርስ ተነሳህ። አታንሺብኝ፣ ስመለስ እበላዋለሁ አልክ። እኔም ሌላ ሳህን ደፍቼበት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባሁት። አልተመለስክም። እዚያው በሥራህ ላይ እያለህ ልብህ ቀጥ አለች።

በለቅሶው ሰባት ቀን ሴቶቹ ወጥ ቤቱን ያዙት። እኔ ከወለሉ ሳልነሳ እነሱ ያበስላሉ፣ ያስተናግዳሉ፣ ያጸዳሉ። እግዜር ይስጣቸው። ማቀዝቀዣውን ሲያጸዱ ያንን የተከደነ ሳህን አገኙት። ተበላሽቷል ብለው ደፉት፣ ሳህኑን አጥበው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። ንጹሕ ሆኖ ሳየው፣ ታከለ፣ በቀብርህ ዕለት ያልጮህኩትን ጮህኩ። ሴቶቹ ኀዘኑ ነው አሉ። ኀዘኑስ ነው፤ ግን ስመለስ እበላዋለሁ ያልከውን ነበር የደፉት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ለሁለት ሰው ነው የማቀርበው። እንጀራውን እዘረጋለሁ፣ ወጡን ወደኔም ወደ አንተም አወጣለሁ። የኔን በልቼ እጄን ሰብስቤ ትንሽ እጠብቅሃለሁ። ከዚያስ ምን ላድርገው? እህል መድፋት ነውር ነው፣ ያንተን ደግሞ ዳግመኛ አላስደፋም። ሳህኑን አዙሬ እበላዋለሁ። አሥራ ሁለቱ ኪሎ ከየት እንደመጣ ሐኪሙ አያውቅም እንጂ እኔ አውቀዋለሁ።

መካሪዋ እንደሳለችው ባንተ ወገን ጎመንና ሰላጣ ላድርግ ብዬም ሞክሬ ነበር። አንተ እኮ ቅጠል ሲቀርብልህ ፍየል መሰልኩሽ እንዴ የምትል ሰው ነህ። አቅርቤው አፈርኩ። ብድግ ብዬ ወጥ ጨመርኩልህ።

ይህን ሁሉ ምን አመጣው ትለኝ ይሆናል። ራስህ ነህ ያመጣኸው። ሱዳን በረሃ ላይ አንዲት ቂጣ ለሁለት ስንካፈል ትልቁን ቁራሽ ወደኔ ስትገፋ አይቼሃለሁ። ያየሁ አልመሰለህም ነበር። እዚህ ገብተን ማዕዳችን ሲሞላ ደግሞ ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው እያልክ አፌ የማይችለውን ጠቅልለህ ታመጣለህ። በቃኝ ስልህ በሞቴ ትላለህ። ካልጎረስኩ አትለቀኝም፤ ከጎረስኩ በኋላ በሳል ስታፈን ትስቃለህ። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ይባላል። አንተ አንድም ቀን ለብቻህ ሳትበላ ለብቻህ ሞትክ። እኔ አጠገብህ አልነበርኩም።

በመጨረሻ ለመካሪዋ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መሐረብ አቀበለችኝ፣ እሷም አንድ ወሰደች። ቆይታ ለአንድ ሰው የምትሆን ትንሽ ሳህን ግዢ አለችኝ። እሱን እምቢ አልኳት። ሳህኑ አይለወጥም፣ የማወጣውን እቀንሳለሁ አልኩ።

በማግሥቱ ምሳዬን በኔ ወገን ብቻ አወጣሁ። ግማሽ እንጀራ፣ ትንሽ ምስር፣ ያ ጎመን። ወዲያኛው ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ማንኪያህ የጫረው መስመር እንኳ ይታያል። እህሉ አልወርድ አለኝ። እጄ የኔን ትቶ ወደዚያ ይሄዳል፣ ምንም የለም፣ ይመለሳል። እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። በለቅሶው ጊዜ እንኳ ሰው ነበረ።

ግን ሚዛኑ ወረደ። በሁለት ሳምንት አንድ ኪሎ፣ ከዚያ ሌላ። ቀሚሴ ሲሰፋኝ ሌላ ጣጣ መጣ። አንደኛ ፎቅ ያሉትን እማማ ተዋበችን ታውቃቸዋለህ፤ ደረጃው ላይ ያዙኝና ልጄ፣ ከሳሽ፣ ምን አገኘሽ? አሉኝ። እኛ ዘንድ መክሳት መቼ ደግ ሆኖ ያውቃል። የከሳ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከፍቶታል። ሐኪም አዞኝ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐኪም ያዘዘው ነው ሲሉ ባላቸውን የቀበሩ ሴት ናቸው፣ ምን ይበሉኝ። ሰንበት እንደወጣ ሁለት ሴቶች አስከትለው ሊጠይቁኝ መጡ፤ ቅቤው መሐሉ ላይ የተኛ ገንፎ ይዘው። አንደኛዋ ገና ከበሩ አለቀሰች። አልታመምኩም ብል ማን ይስማኝ። ብዪ እንጂ፣ በሞቴ! አሉኝ እማማ።

በሞቴ ሲሉኝ ያንተ ድምፅ መጣብኝ። በላሁ። እነሱ ከሄዱም በኋላ በላሁ። በማግሥቱ እንጀራውን እንደ ድሮው ሙሉውን ዘርግቼ ላንተም አወጣሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ እንዲያ ሆንኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የተመለስክ መሰለኝ። ከዚያ ኦሪት ደወለችና ዕቃሽን የሚያነሱ ሰዎች በየትኛው ቀን ይምጡ? አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ቤቱን ዞሬ አየሁት፦ ወንበርህን፣ ጥግህን፣ ያን ላስቲክ ያለበትን መሳቢያ። ማንም አይመጣም አልኳት። ለምሳ ግማሹን እንጀራ መልሼ አነሳሁት።

ዛሬ ጠዋት ተመዘንኩ። አሥራ ሁለት ኪሎ፣ ከዚያም ጥቂት አለፍ ይላል። ከፋሲካ በኋላ ለጉልበቱ ቀን ቆረጡልኝ። መካሪዋ አቀፈችኝ። ለኦሪት ስነግራት ኮል ሃካቮድ፣ ጎበዝ፣ ኢማ ብላ በስልክ አለቀሰች፤ የቀባችው ክፍል የእንግዳ ይሆናል። ደረጃውን አንድ ጊዜ ብቻ አርፌ ወጣሁ። በሩን ከፍቼ ቀነስኩልህ እኮ! ብዬ ተጣራሁ፤ ካፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው ማንም እንደሌለ ትዝ ያለኝ። ኮቴን ሳላወልቅ ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩና ደብዳቤ ልጽፍልህ ያሰብኩት ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ ጊዜ ድርሻህን የጠበቅኩልህ መስሎኝ ነበር። ለካ በየቀኑ ስበላብህ ነው የኖርኩት። ይቅር በለኝ። ዛሬ ማታ ሰንበትን ስቀበል ያው ትልቁ ሳህን ይቀርባል፤ በወዲህ የኔ፣ በወዲያ ባዶው ያንተ። በሕይወት እስካለሁ፣ በዚህም ቤት በሌላም፣ ሳህኑን እንዲሁ አቀርበዋለሁ፤ ጣቴ ግን ወደዚያ አይሻገርም። አታንሺብኝ ብለህ ነበር የወጣኸው። ይኸው፣ አላነሳሁብህም።

ያንተው ጥሩነሽ